አየር የምታሸተዋ ፕላስቲክና የእህት አስካለ ጸሎት

ሰው ከሰው ዓይን ይደበቃል፤ በር ይዘጋል፣ መጋረጃ ይጥላል፣ ፈገግ ይላል። ከፕላስቲክ ግን የት ይደበቃል? አትሳቁ! እኔም ስቄ ነበር።

የእህቴ ልጅ ሳሮን ዩኒቨርሲቲ ፕላስቲክ ታጠናለች። አንድ ቀን በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ሃውገሩድ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ጥፍር የምታህል አረንጓዴ ስስ ፕላስቲክ፣ ቁጥር ከሚያሳይ ሳጥን ጋር ይዛ መጣች። ኤሌክትሪክ የምታሳልፍ፣ አየር የምታሸት ፕላስቲክ! አሞኒያ ሲደርስባት ቁጥሩ ይወጣል፣ ሲርቃት ይወርዳል። አሞኒያ ማለት ቢየርቪካ በሚባለው ሰፈር፣ አዲሱ ኦፔራ ቤት አጠገብ፣ ቢሮ ስናጸዳ ዓይናችንን የሚያስለቅሰን፣ ሳልሚያክ የሚሉት የጽዳት ፈሳሽ ነው። ከሰዓት በኋላ ለአስተማሪዋ ልታሳያት ነው፤ ቁጥሩ ያለ ምክንያት ከዘለለ የዓመት ልፋቷ ውድቅ! «አክስቴ፣ ሻወር ልግባ፤ አደራ እንዳትነኪያት፣ እንዳታጸጂም» አለችኝ።

ተቀምጬ ጠበቅኋት። ውጭ ጉሙ ፎቆቹን ውጧቸዋል፤ እኩለ ቀኑ ምሽት መስሏል። ቁጥሩ ጸጥ። እኔም ጸጥ፤ ይህ ራሱ ተአምር ነው።

ከዚያ የጸሎት ጓደኛዬ እህት አስካለ መጣች። በስልሳ ዓመቷ አንድ ሽበት የሌላት፣ ይህንንም ጉባኤ ፊት ቆማ «ጸጋ ነው» ብላ የመሰከረች ሴት ናት።

ገና ጠረጴዛው ጋ ስትቀመጥ ቁጥሩ መውጣት ጀመረ። ማን ነካው? ማንም! ውሃ ልትጠጣ ወደ ኩሽና ሄደች፤ ወረደ። ተመለሰች፤ ወጣ። አረንጓዴዋም ወደ ሰማያዊ ጠቆረች።

«ይህ መንፈስ ነው!» አለችና ሻርፗን ጥላ፣ አንገቷን ደፍታ ትገሥጸው ጀመር። ባጎነበሰች ቁጥር ያ ቁጥር ድምፅ ሳያሰማ ሽቅብ! መንፈስ በጸሎት ይሸሻል እንጂ ይብስበታል እንዴ? ቀስ ብዬ ወንበሬን ከእሷ አራቅሁ። ለካ መንፈሱ ያለው ሳጥኑ ውስጥ ሳይሆን…

ሳሮን ፎጣ ጠምጥማ ወጣች። «ኔይ፣ ኔይ! አይሆንም! ተበላሸች!» ብላ ልታለቅስ ደረሰች። ከዚያ ሳጥኑን አንስታ ቤቱን ትዞር ገባች። መስኮቱ ጋ ወረደ። እኔ ጋም ወረደ፤ ተመስገን! እህት አስካለ ትከሻ ላይ ወጣ። አናቷ ላይ ሲደርስማ ሽቅብ ዘለለ።

ሳሮን ጎንበስ ብላ አሸተተቻት። «የፀጉር ቀለም ውስጥ አሞኒያ አለ እኮ» አለች፤ «ዛሬ ጠዋት ነው የተቀባሽው?» የዚህ አገር ልጆች አንቱታ የት ያውቃሉ!

እህት አስካለ ሻርፗን ከወለል አነሳች። «ጃ» ብቻ አለች፤ አዎ ማለቷ ነው።

ሳሮን በደስታ ጮኸች፤ ፕላስቲኳ ጤነኛ ናት! አስተማሪዋም ተቀበላት። እህት አስካለ ግን እስከ ዛሬ ደውላ «ያቺ ነገር ቤት አለች?» ሳትል አትመጣም። እኔስ? ስስቅ ነው የምኖረው። ሳሮን ሳጥኑን ይዛ ስትገባ ብቻ ወደ በረንዳ ወጣ እላለሁ። ለምን አትሉኝም? ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እስኪ አንድ ሽበት አይታችሁብኛል?