እጄን በነጠቅኩ ቁጥር

ሙዚቃ ተምሮ ምን ይበላል? ይህን የጠየቀኝ አባቴ ነው። የትምህርት ክፍል ልመርጥ ስል፣ ጅግጅጋ ካለው የጨርቅ ሱቁ ባንኮኒ ጀርባ ሆኖ፣ ሳይቆጣ፣ ከሜትሩ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ። መልስ ስላልነበረኝ ዝም አልኩ። እውነቱን ለመናገር መልስ ሲኖረኝም ዝም ነው የምለው። እናቴ «ዝም አይነቅዝም» እያለች ታጽናናኛለች። እናንተም እንደኔ ዓይነ አፋር ከሆናችሁ በዚህ ተረት ስንት ጊዜ እንደተጠለላችሁ ታውቁታላችሁ።

አዲስ አበባ ሄጄ አራት ዓመት ፒያኖ ተማርኩ። በየዓመቱ የወጪ መጋራት ቅጽ ይሰጡናል፤ ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ሳናነብ እንፈርማለን። መጽሐፍ ሲሰጡኝ የምስጋናውን ገጽ እንኳ የማልዘል ልጅ፣ ሳላነብ ያለፍኩት ጽሑፍ ያ ብቻ ነው። ስመረቅ ሠላሳ ስምንት ሺህ ብር ዕዳ እንዳለብኝ፣ ካልከፈልኩም ዋናው ዲግሪ እንደማይሰጠኝ ነገሩኝ። ጊዜያዊ ወረቀት ይዤ ወጣሁ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ያውም በዱቤ የተገዛች ላም።

ጅግጅጋ ተመልሼ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ በወር ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ብር መዝሙር ማስተማር ጀመርኩ። ሂሳቡን ሠራሁት። በወር ሁለት መቶ ሃምሳ ብር ባስቀምጥ ዕዳው የሚያልቀው፣ የማስተምራቸው ሕፃናት ዩኒቨርሲቲ ገብተው የራሳቸውን ቅጽ ሲፈርሙ ነው። ይህን የሰማ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ ባለችው ደወሌ ከተማ የሚኖር አጎቴ፣ ከሚሠራበት የትራንዚት ቢሮ የጸሐፊነት ሥራ አገኘልኝ፤ ዘጠኝ ሺህ ብር። መልሱን ሰኞ ጠዋት ይፈልጉታል። ኪቦርድሽን ይዘሽ ሂጂ ትሉኝ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ የጉምሩክ ሰነድ ሲጽፍ የዋለ ጣት ማታ ምን እንደሚጫወት ግን እኔ አውቃለሁ። ምንም።

አርብ ዕለት ጎረቤታችን ኤዶ ሆዳን መጡ። ኤዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ይላቸዋል። ቀብሪበያ ገበያ ፍየል ሲነግዱ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል። የእህታቸው ልጅ ከተዳረች እሑድ ሰባተኛ ቀኗ ነው፤ ሴቶች ተሰብስበው ሻሽ የሚያስሩላት ቀን። በዚህ ድግስ ሴቶቹ ተገላልጠው ስለሚጨፍሩ ወንድ ዝር አይልም። ባለፈው ጊዜ ኪቦርድ ተጫዋቹን ከመጋረጃ ጀርባ አስቀምጠውት ነበር አሉ። ሴቶቹ ጭፈራውን ትተው ምሳ ሲበሉ እሱ ሳያውቅ ግማሽ ሰዓት ለብቻው ተጫውቷል።

በእሱ ፈንታ እኔ ብጫወትላቸው ስንት እንደምፈልግ ጠየቁኝ። ዝም አልኩ። እሳቸውም እናቴ ፊት ዋጋ መጥራቱ ነውር ሆኖባቸው ነው መሰለኝ፣ እጄን ወደ ሻላቸው ስር ሳብ አድርገው ጣቶቼን ጨበጡ። የከብት ነጋዴዎች ዋጋቸውን ሌላ እንዳይሰማው በጨርቅ ስር በጣት እንደሚነጋገሩ ሰምቻለሁ። ለፍየል ነው እንጂ ለእኔ ይሆናል ብዬ እንዴት ላስብ? ሰው እጄን ሲይዘኝ ስለማፍር ነጠቅኩ። ደግመው ያዙኝ፤ ነጠቅኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ነጠቅኩ። በአራተኛው ግን ከማፈሬ የተነሳ መንጠቁም አቃተኝ። ኤዶ ሆዳን ረጅም ትንፋሽ ተንፍሰው ሄዱ።

እሑድ ኖታዬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ከበሮ ይዛ ግጥም የምትደረድረው ሴትዮ ኖታዬን አልጠበቀችም፤ በሁለተኛው ዘፈን ላይ ከድኜው በጆሮዬ ተከተልኳት። ስንት ሰዓት እንዳለፈ አላወቅኩም። ሲያበቃ ኤዶ ሆዳን ስድስት ሺህ ብር አስጨበጡኝ።

ደነገጥኩ። ሳይሳሳቱ አልቀሩም አልኳቸው።

«ምኑን ተሳሳትኩ? ሦስት ስልሽ ነጠቅሽ። አራት ስልሽ ነጠቅሽ። አምስትም ንቀሽ ነጠቅሽ። ወላሂ፣ ሃያ ዓመት ስነግድ እንዳንቺ ያለ ልበ ደረቅ ሻጭ አላየሁም።»

ስለ ዲግሪዬ ሰምተው ይሆናል ብዬ፣ በቀስታ፣ አዲስ አበባ መማሬን አነሳሁ።

«እሱን ማን ጠየቀሽ? ሴት ነሽ፤ መጋረጃ አያስፈልግሽም። ለሚመጣው ወር ሁለት ቤት ተናግሬልሻለሁ።»

ይሄኛው ድንጋጤ ከመጀመሪያው ባሰ። የአራት ዓመት ትምህርቴ በገበያ ሲመዘን የአንድ መጋረጃ ያህል እንኳ አልከበደም። ያለ አራት ዓመቱ ያቺን ሴትዮ በጆሮዬ እከተላት ነበር ወይ? እሱን ኤዶ ሆዳን አልጠየቁም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።

አባቴ ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጠረው። ከዚያ በዚህ ከተማ በወር ስንት ሰርግ እንዳለ ጠየቀኝ፤ መልሴን ሳይጠብቅም በረመዳን ሰርግ እንደሌለ ራሱ አስታወሰኝ። ምን ይበላል የሚለውን ግን አልደገመውም።

ሰኞ ጠዋት ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ ከመሄዴ በፊት አባቴ ሱቅ ውስጥ ሳለሁ አጎቴ ደወለ። እምቢ ልለው ነበር፤ ቃሉ ጠፋኝ። ዝም አልኩ። ከአለቃው ጋር ሲንሾካሾክ ሰማሁና ተመልሶ አሥር ሺህ አድርገውታል አለኝ። የባሰ ደንግጬ ዝም አልኩ።

«አሥራ አንድ። አንቺ ልጅ፣ ይሄን ድርድር ከየት ተማርሽው?»

አንድ ጊዜ ደግሜ ዝም ብል አሥራ ሁለት ሊሆን ነው። በአሥራ ሁለት እንደምሸነፍ ደግሞ ራሴን አውቀዋለሁ። ዝምታዬ ደወሌ ሳያደርሰኝ በፊት፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «አልመጣም፣ ጋሼ» አልኩ።

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ደንበኞች ሁሉ ዞረው አዩኝ።