ጋሽ ዳኘው እጃቸውን ሲያወጡ

ስብሰባ ባለበት ሁሉ እኒህ ሰው አሉ። የእድር ይሁን፣ የወላጆች ይሁን፣ የመብራት ቆጣሪ ጉዳይ ይሁን፣ ሰብሳቢው «እንግዲህ ጥያቄ ከሌለ» ብሎ ወረቀቱን መሰብሰብ ሲጀምር፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ፣ በር አጠገብ ያሉት አንድ እግራቸውን ውጭ ሲያደርጉ፣ ከሁለተኛው ረድፍ አንድ እጅ ቀስ ብሎ ይወጣል። እጁ አይቸኩልም። የእጁ ባለቤት «አንዲት ጥያቄ ብቻ ናት» ይላሉ። አንዲቷ ጥያቄ ሀ፣ ለ እና ሐ አላት፤ ሐ ደግሞ መግቢያ አላት።

ሊድያ እኒህን ሰው ያገኘቻቸው ባሕር ዳር በመጣች በሁለተኛ ወሯ ነው። ተወልዳ ያደገችው ወላይታ ሶዶ ነው፤ በማስታወቂያ ተወዳድራ በከተማው አስተዳደር በደረቅ ቆሻሻ ባለሙያነት ተቀጠረች። የመጀመሪያ ትልቅ ሥራዋ ወደ ዘንዘልማ መውጫ ካሉት አዳዲስ ሰፈሮች በአንዱ አዲሱን የቆሻሻ አሰባሰብ ደንብ ማስጀመር ነበር። በጣም የሚያምር ደንብ ነው። እያንዳንዱ መኖሪያ ቤት ሁለት ጆንያ ይኖረዋል፤ አረንጓዴው ለሚበሰብሰው፣ ሰማያዊው ተመልሶ ለሚሠራው፣ ማለትም ለፕላስቲክ፣ ለካርቶን፣ ለጣሳ፣ ለብጣሽ ጨርቅ። አረንጓዴው ማክሰኞና ዓርብ፣ ሰማያዊው ቅዳሜ ጠዋት ከበር ላይ ይወሰዳል። ንግድ ቤት ግን ሐሙስ ነው፤ በሌላ መኪና፣ ስሙ በተጻፈበት ጆንያ። በመኖሪያ ቤት ቀን ያወጣ ንግድ ቤት ይታሸጋል።

ሊድያ ይህን ሁሉ ግንቡ ባላለቀ የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ በሃያ ደቂቃ አስረድታ ጨረሰች። ጥያቄ ከሌለ ብላ ወረቀቷን ሰበሰበች። እጁ ወጣ።

«ዳኘው እባላለሁ፤ ጡረተኛ ነኝ» አሉ። ረዥምና ቀጭን ናቸው፤ ኮታቸው ከጡረታቸው በፊት የተሰፋ ነው። ሠላሳ ዓመት በጣና በሚመላለሱ ጀልባዎች ላይ ጭነት ሲቆጣጠሩ ኖረዋል፤ የትኛው ኩንታል በየትኛው በኩል ይቀመጥ የሚለውን የሚወስኑት እሳቸው ነበሩ። የደንቡን አምስት ገጽ ከሆነ ቦታ አስባዝተው ይዘውታል፣ በእርሳስም አስምረውበታል።

«አንዲት ጥያቄ ብቻ ናት። የከረጢት ሻይ የት ትግባ? ቅጠሉ ይበሰብሳል። ከረጢቷ ወረቀት ናት። ክሩ ክር ነው። ጫፏ ላይ ያለችዋ ሽቦ ብረት ናት። አንድ ሻይ ጠጥቼ ስንት ቦታ ልሂድ?»

ሰዉ ሳቀ። ሊድያም ሳቀች። በዚያ ሰፈር ስብሰባ ላይ የሳቀችው ለመጨረሻ ጊዜ ነው።

«ይቅርታ ልጄ፣ እሷን ተከትላ የምትመጣ አለች። የዘይት ጀሪካን ታጥቦ ይውጣ ይላል። ውኃ በሌለበት ሳምንት በምን ልጠበው? ባላጥበውስ፣ የዚያ ሳምንት ደንብ የትኛው ነው?»

ከዚያ የዓሣ አጥንት መጣ። አጥንት ይበሰብሳል አይበሰብስም? ይበሰብሳል ካልሽ፣ በስንት ጊዜ? ከዚያ የተሰበረ ብርጭቆ፣ ከዚያ የሞተ የእጅ ባትሪ ድንጋይ። የሰው ፊት ከሳቅ ወደ ማዛጋት፣ ከማዛጋትም ወደ ሰዓት ማየት ተሻገረ። ሊድያ ለእያንዳንዱ «ጥሩ ጥያቄ ነው» ስትል ቆይታ በስድስተኛው ላይ «ጥሩ» የሚለውን ተወች፤ በዘጠነኛው ላይ «ነው» ብቻ ቀረ።

ክቡር ጠያቂያችን ግን በስብሰባ ብቻ የሚወሰኑ አልነበሩም። ማክሰኞ ቢሮ መጡ፤ ተራ ጠብቀው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡ። ሐሙስ ሚኒባስ ስትጠብቅ አገኟት። ገበያ ላይ የቆጋ መስኖ ድንች እያስመረጠች ሳለ ከኋላዋ «ልጄ፣ ጥሩ ጊዜ ላይ አገኘሁሽ» የሚል ድምፅ ሰማች፤ ድንቹን ሳይመዘን ጥላው ሄደች። እሑድ ስልኳ ጠራ። «ቅዳሴ ላይ ትዝ አለችኝ፤ እንዳልረሳት ብዬ ነው የደወልሁ። የታሸገ ወተት ካርቶን ከውስጥ ብር የመሰለ ነገር አለው፤ አይተሽው ታውቂያለሽ?» ሊድያ አይታው አታውቅም ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ወተት በገዛች ቁጥር ካርቶኑን ቀድዳ ታያለች፤ ይህም አናደዳት።

አንድ ቀን የጆንያ እደላ ዝርዝር ልታስፈርም ወደ ግቢያቸው ስትሄድ እሳቸው አልነበሩም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ወንበር አቀረቡላት። ሊድያ ሆድ ብሷት ስለነበር ተናገረች።

«እማማ፣ ጋሽ ዳኘው ቤት ውስጥም እንዲህ ይጠይቃሉ?»

«እኔ አርባ ዓመት መልሻለሁ» አሉ ወይዘሮዋ ረጋ ብለው። «አሁን ትንሽ አንቺ መልሺ።»

ነገሩ የከረረው በሦስተኛው ስብሰባ ነው። ሊድያ ቃለ ጉባኤ የምትጽፍበት የራሷ መንገድ ነበራት፤ የጋሽ ዳኘውን ጥያቄዎች ሁሉ «ከነዋሪዎች ልዩ ልዩ ጥያቄዎች ተነሥተው ምላሽ ተሰጥቶባቸዋል» በሚል አንድ መስመር ትጠቀልላቸዋለች። በሁለቱ ስብሰባዎች ይህ አልፏል። በሦስተኛው ጋሽ ዳኘው ከነዋሪው ወገን እንዲፈርሙ ተመረጡ። የመረጣቸው ሰዉ ነው፤ ቶሎ ወደ ቤቱ መሄድ ስለፈለገ መጀመሪያ የታየውን ሰው መረጠ። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ።

«የትኛው ምላሽ?» አሉ።

«ጋሽ ዳኘው፣ ሁሌም የሚጻፈው እንዲህ ነው።»

«ዛሬ የጠየቅሁት አልተመለሰም። ካልተጻፈ አልፈርምም።»

የጠየቁት ይህ ነበር። የእሳቸው ግቢ በሩ አንድ ነው። ከፊት ለፊት ያለውን ክፍል ሒክማ ለምትባል ልብስ ሰፊ አከራይተዋል፤ የወረታ ነጋዴዎች ልጅ ናት፣ እዚያው ትሰፋለች፣ ከመጋረጃው ወዲያ ደግሞ ትተኛለች። ግቢው መኖሪያ ቤት ነው ወይስ ንግድ ቤት? ንግድ ቤት ከሆነ፣ የሐሙሱ መኪና በእነሱ መንገድ አያልፍም፤ ሦስት ሐሙስ በር ላይ ቆመው አይተዋል። ብጣሿን በየት ታውጣው?

ስልሳ ሰው ቆሞ ይጠብቃል። ዝናብ ሊጥል ነው። ሊድያ ጥርሷን ነክሳ ጥያቄውን ከሀ እስከ ሐ ጻፈች፤ ወረቀቱ እስኪበሳ ድረስ እየተጫነች። «መልስ፦ አጣርተን በአንድ ሳምንት ውስጥ እናሳውቃለን» ብላ ጨመረች። ጋሽ ዳኘው ቀንና ሰዓት አስገብተው ፈረሙ። እሷም ፈረመች።

በማግሥቱ ለቅርብ አለቃዋ ለአቶ ምናሴ ጥያቄውን አቀረበችለት። አቶ ምናሴ ሥራ የሚበዛበት ሰው ነው፤ ደንቡን ከገጽ ሁለት አላለፈም።

«እኒያ ሰውዬ ናቸው? እለፊያቸው። ደንቡ ግልጽ ነው።»

አለፈቻቸው። እውነት ለመናገር ደስ ብሏት ነው ያለፈቻቸው። ሳምንቱ ሁለት ሆነ፣ ከዚያም ዘጠኝ። ጋሽ ዳኘው በየሳምንቱ ሰኞ ይደውላሉ፤ እሷ ስልኩ ሲጠራ ታየዋለች።

ጳጉሜን ሲገባ ሒክማ ቢሮ መጣች። ሊድያ በስብሰባ ላይ ከኋላ ስትቀመጥ አይታታለች እንጂ ድምፅዋን ሰምታ አታውቅም። ሒክማ ስትናገር አልጮኸችም፤ የሆነውን ብቻ ተናገረች። የሐሙሱ መኪና አንድም ቀን አልመጣም። ብጣሹ ክፍሏን ሞልቶ መተኛ አሳጣት። ባለፈው ቅዳሜ ሰማያዊ ጆንያ ውስጥ ከትታ በር ላይ አወጣችው። ዛሬ ጠዋት ደንብ አስከባሪዎች መጥተው ክፍሏን አሸጉ። ስልሳ ሁለት የተማሪ ደንብ ልብስ ውስጥ ነው፤ አንዳንዱ ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው። ትምህርት የሚጀመረው ሰኞ ነው።

«ሌሊት የት አደርሽ?» አለች ሊድያ ሳታስበው።

«የታሸገው ዛሬ ነው። የዛሬውን ከእማማ ወለተ ሩፋኤል ጋር አድራለሁ። የእኔስ ይሁን፤ እናቶቹ እየመጡ የእሽጉን ወረቀት አይተው ይመለሳሉ። ምን ልበላቸው?»

ሊድያ ወደ አቶ ምናሴ ገባች። አቶ ምናሴ ወንበሩን ወደ ኋላ አስደግፎ ሰማት።

«ደንብ ነው፤ ምን ላድርግ? አልተነገረኝም እንዳትል ደግሞ ሦስት ጊዜ ስብሰባ ተደርጓል፣ ቃለ ጉባኤ አለ።»

ሊድያ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። ቃለ ጉባኤ አለ። ወደ መዝገብ ክፍል ሄዳ ፋይሉን አስወጣችና ሦስተኛውን ገለጠች። የራሷ ጽሕፈት ነው። ሀ፣ ለ፣ ሐ። የሐሙሱ መኪና አያልፍም። በአንድ ሳምንት ውስጥ እናሳውቃለን። ፊርማዋ፣ ቀኑ፣ ማኅተሙ። ሒክማን ሊያድን የሚችለው ወረቀት እሷን የሚከስስ ወረቀት ነው፤ የቅጥሯ የሙከራ ጊዜ ሊያልቅ የቀረው ደግሞ አንድ ወር አልሞላም። ፋይሉን ዘግታ መለሰችው። ደረጃውን ጨርሳ ወረደች። ግቢው በር ላይ ሒክማ አሁንም አጥሩን ተደግፋ ቆማለች፤ ሂጂ ያላት ሰው ስለሌለ ነው።

ሊድያ ተመልሳ ደረጃውን ወጣች፤ ፋይሉንም ዳግም አስወጣች።

አቶ ምናሴ ገጹን ሁለት ጊዜ አነበበው። «ይህን ለምን ጻፍሽው?» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ካልተጻፈ አልፈርምም ስላሉ።»

«ለላይ ኃላፊው ብታቀርቢው በመጀመሪያ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ።»

«አውቃለሁ። ቀጥሎ አንተ ነህ» አለች፤ ከአፏ ከወጣ በኋላ ራሷም ደነገጠች።

ወረቀቱ ወደ ላይ ኃላፊው ወጣ። ዓርብ ከቀትር በፊት እሽጉ ተነሣ። ሊድያ በአንድ ሳምንት እመልሳለሁ ብላ ባለመመለሷ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት፤ ለአቶ ምናሴም አንድ ደረሰው። በደንቡ ላይ አንዲት አንቀጽ ተጨመረች፤ በመኖሪያ ግቢ ውስጥ ያለ አነስተኛ ሥራ በመኖሪያ ቤት ቀን ያውጣ ትላለች። ሒክማ ቅዳሜንና እሑድን ሙሉ ቁልፍ ስትተክል ዋለች፤ ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል መርፌ ላይ ክር እያስገቡ አቀበሏት።

ሊድያ እሑድ ከሰዓት ወደ ግቢው ሄደች። ይቅርታ ለመጠየቅ ነው የሄደችው፤ በመንገድ ላይ ንግግሩን አዘጋጅታለች። ጋሽ ዳኘው ግን ለቅሶ ቤት ሄደዋል።

«ይቅርታ ልጠይቃቸው ነበር» አለች። «ስሸሻቸው ነበር የከረምኩት።»

ሒክማ ከስፌት መኪናው ላይ ቀና አለች። «ጥያቄዋ እኮ የእኔ ናት» አለች።

«የቷ?»

«የሐሙሷ። ሰው ፊት መናገር ያሳፍረኛል። ጋሽ ዳኘው ይጠይቁልኝ ብዬ ነው።»

ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። «ጥያቄው ሁሉ የሰው ነው። ስብሰባ አለ ከተባለ ከዋዜማው ጀምሮ ይህ በር አይዘጋም። የዘይት ጀሪካኗ የጎረቤታችን የአደይ ናት፤ ከነገረችው በኋላ አዳራሽ ስትገባ እሷም ከሰዉ ጋር ትስቅበታለች። ‹ለምን የማን እንደሆነች አትናገርም?› እለዋለሁ። ‹አምነው ሰጥተውኝ እንዴት አሳጣቸዋለሁ?› ይለኛል።»

ሊድያ ያዘጋጀችውን ንግግር ረሳችው። መርፌ አንሥታ ቁልፍ መትከል ጀመረች። ሦስተኛው ጠማማ ሆነና ሒክማ ፈትታ ተከለችው።

በጥቅምት ሊድያ ደንቡን ወደ ሌላ ሰፈር ይዛ ሄደች፤ ወደ ሐይቁ ዳር ያለ፣ ምግብ ቤት፣ ጋራዥና መኖሪያ ቤት አንድ ላይ የተቀላቀለበት ሰፈር ነው። ሰማንያ ሰው መጣ። አስረዳች። ጥያቄ ካለ ብላ ጠበቀች። ማንም እጁን አላወጣም። አንዱ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ሌላው ተከተለ። ከዚህ በፊት በስለት የማታገኘው ዓይነት ስብሰባ ነበር። ቆማ የሰዎቹን ፊት አየች። ጋራዥ ያለው ሰው ጆንያውን አጥፎ ተቀምጦበታል። ከኋላ ያሉት ሁለት ሴቶች አንዳች ነገር እየተንሾካሾኩ እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ፤ አንቺ በዪ፣ አንቺ በዪ የሚባባሉ ይመስላሉ። ሁለቱም አላሉም።

ሊድያ ቃለ ጉባኤውን ሳታስፈርም ስብሰባው በሚቀጥለው እሑድ ይቀጥላል አለች። ሰዉ አጉረመረመ። ወጥታ ወደ ሐይቁ ዳር ትንሽ ተራመደችና ስልኳን አወጣች።

«ጋሽ ዳኘው፣ እሑድ ጠዋት አንድ ቦታ ይዤዎት ብሄድ ደስ ይለኛል። ቀደም ብለው ይምጡና የሰፈሩን ሴቶች ያነጋግሩልኝ።»

«እሑድ ጠዋት ማኅበር አለኝ» አሉ። «ከሰዓት ብታደርጊው እመጣ ነበር፤ ግን ሰዉን ሁሉ ለእኔ ብለሽ አታንገላቺ።»

ሊድያ ሰዉን ሁሉ አንገላታች። ሰማንያ ሰው ተደውሎለት ስብሰባው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ተዛወረ። ሰኞ አቶ ምናሴ የስብሰባውን ወረቀት አይቶ ሰዓቱ ለምን እንደተለወጠ ጠየቃት።

«ጠዋት ለባለሙያው አልተመቻቸውም» አለችው።