የወይዘሮ አበዛሽ እርማት

ሁሉን አዋቂ የሌለበት ሰፈር የለም፤ አለ ከተባለም ገና ሰው አልሰፈረበትም። የናዝሬቷ ሁሉን አዋቂ ክብርት ወይዘሮ አበዛሽ ነበሩ። ሶደሬ መዋኛው በር ላይ ፎጣ ያድላሉ፤ ኩባዊ ሐኪምም ይምጣ ራሺያዊ መሐንዲስ፣ የአገሩን ጉድ ሳይጠይቁ አያሳልፉም።

ይህ እውቀት የሚወርደው ጎረቤታቸው መምህር መርዳሳ ላይ ነው። አበበ ቢቂላ ቶኪዮም በባዶ እግሩ ሮጠ ቢል፣ «ላርምህ ልጄ፤ ያ ሮም ነው፣ ቶኪዮ ጫማ ነበረው።» ሉካንዳ ገብቶ ሽንጥ ቢል፣ ከኋላው ሆነው ጭቅና መሆኑን ይነግሩታል። የቀበሌውን ሠዓሊ የሌኒንን ጢም ሲያንዠረግግ ያስቆሙትም እሳቸው ናቸው፤ ያ ጢም የማርክስ ነው ብለው። ይባስ ብለው ለቅሶ ቤት የሟችን ዕድሜ አረሙ። ከዚያ ወዲህ መርዳሳ ድምፃቸውን ሲሰማ መንገድ ይቀይራል።

በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ግን ጉድ ፈላ። መርዳሳ የሚመራው ቡድን በጠቅላላ ዕውቀት ውድድር ሁለት ዓመት በሞጆ ተሸንፎ፣ ሰውየው የከተማው መሳቂያ ሆኗል። ዘንድሮም በዋዜማው አንዱን ተወዳዳሪ ወባ ጣለው። ምን ያድርግ? እያቃሰተ ወይዘሮ አበዛሽን ለመነ።

በውድድሩ ሁለቱ ቡድኖች እኩል ለእኩል ሆነው የመጨረሻው ጥያቄ ለናዝሬት ደረሰ፤ ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል? መርዳሳ መቶ ሊል አፉን ሲከፍት ቀደሙት።

«የት?»

ዳኛው ግራ ገባቸው። ወይዘሮዋም እዚሁ ናዝሬት ከሆነ ዘጠና አምስት ነው አሉ፤ ከተማው ከባሕር በላይ ከፍ ስለሚል ውሃው ቶሎ ይፈላል፣ ፍል ውሃ ሊለካ የመጣ ጣሊያን ነግሯቸዋል። ዳኛው ወረቀታቸውን አይተው ስህተት ነው ሲሉ የሞጆ ደጋፊ አዳራሹን አናጋው። መርዳሳ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ወደደ።

እሳቸው እቴ!

«ጓድ ዳኛ፣ ላርምዎት። የሚፈላው ወረቀቱ አይደለም፤ ውሃው ነው። ይጣድ።»

ከትምህርት ቤት ቴርሞሜትር መጣ፣ ማንቆርቆሪያ ተጣደ። ሰማንያ፣ ዘጠና፣ ዘጠና ሦስት... ውሃው ተንፈቀፈቀና ዘጠና አምስት ላይ ቆመ። እሳት ቢጨምሩበት፣ ቢያራግቡት፣ ወይ ፍንክች! ዳኛው ላባቸውን ጠርገው ነጥቡን ለናዝሬት ሰጡ። መርዳሳ ወይዘሮዋን ከነወንበራቸው ብድግ አደረጋቸው። እሳቸው ግን እላይ ሆነው የሞጆውን አለቃ ያርማሉ፤ እናንተ ዘንድማ ከፍታው ስለሚበልጥ ከዚህም ያንሳል እያሉ።

ወደ ቤት ሲመለሱ መርዳሳ ዋንጫውን አቅፎ ከጎናቸው አዘገመ። ድንገት፣ «ለመሆኑ ዓባይ ከየት ይነሳል?» አላቸው።

ከምንጩ ጀመሩለት። ይህንኑ ለአራተኛ ክፍል ሲያስተምር አሥር ዓመቱ ነው። አንዴም ሳያቋርጥ አዳመጣቸው፤ ሲጨርሱም ሌላ ጠየቃቸው።