የመኪናዋ ወናፍ

[ደብረ ታቦር፣ በጣሊያን ጊዜ፣ ውርጭ ባለበት ጠዋት። ሾፌሩ ይማም የመኪናውን ቁልፍ በተጠማዘዘ ሽቦ አንጠልጥሎ በጣቱ ያሽከረክራል። የጋፋቱ ቀጥቃጭ ካሳሁን ጋቢውን ተከናንቦ መኪናው ውስጥ አጎንብሷል።]

ይማም፦ ተው አልኩህ! ይኼ ማረሻ አይደለም፣ መኪና ነው!

ካሳሁን፦ ማረሻ ቢሆንማ እስካሁን ጨርሼው ነበር። በል ማሞቂያውን አንድ ላይ አድርገው።

ይማም፦ አንድ... ዝም። ሁለት... ዝም። ሦስት!

[ማራገቢያው ያጓራል። የካሳሁን ጋቢ ከራሱ ላይ ይገፈፋል።]

ካሳሁን፦ ኧረ አጥፋው በማርያም!

ይማም፦ ሦስት ላይ ይሙቃችሁ እንግዲህ። ምን አነሳችሁ?

ካሳሁን፦ ነገ የልጄ ሰማንያ ቀኗ ነው፤ ይፋግ፣ እናቷ አገር ክርስትና ትነሣለች። ዛሬ ካልሄድን አንደርስም። ያለ ማሞቂያ ብንሄድ ልጄን ብርድ ይመታብኛል። ሦስት ላይ ብታደርገው ደግሞ ልጅቱ በድንጋጤ ትንጫጫለች፤ ባለቤቴ እቴነሽም እንደ ትናንቱ «ከዚህ አውሬ ጋር አልሳፈርም» ብላ ትወርዳለች።

ይማም፦ የማራገቢያው ሞተር ደክሟል ስልህ። አዲስ ከጎንደር እስኪመጣ አንድ ወር።

ካሳሁን፦ የደከመ እንዴት ይሮጣል? እኔ ሲደክመኝ ቀስ ብዬ ነው የምሄደው።

ይማም፦ አንተ ሰው ነህ፣ እሱ ሞተር ነው!

ካሳሁን፦ ወናፌ በኃይል ከነፋልኝ ደኅና ነው። ቀስ በል ስለው እምቢ ካለ፣ ቀስ የሚያደርገውን ነው የማየው። የዚህስ የት ነው?

ይማም፦ ወናፍ! ወላሂ ጉድ ነው! ሁለት ዓመት ከጣሊያን መካኒክ ጋር የዋልኩትን እኔን፣ ይኼ ሰውዬ በወናፍ ሊያስተምረኝ!

ካሳሁን፦ [እየዳበሰ] እዚህ ሁለት ብሎን አለ፤ መሀላቸው ባዶ ነው።

ይማም፦ እሱን ተወው፣ እኔ ነኝ የነቀልኩት። ትርፍ ነገር ነው።

ካሳሁን፦ ትርፍ?

ይማም፦ ጣሊያን ትርፍ ማብዛት ይወዳል። ማሞቂያው በተከፈተ ቁጥር እንደ ፍም ይግላል! መኪናዬን ሳያቃጥል ነቀልኩት። ይኸው ያለ እሱም ትሄዳለች።

ካሳሁን፦ ማራገቢያው በቀስታ እምቢ ያለው ከመቼ ወዲህ ነው?

ይማም፦ ከ... [ቁልፉን ማሽከርከር ያቆማል] ከዚያን ቀን ወዲህ።

ካሳሁን፦ ነቅለህ ጣልኸው?

ይማም፦ [እጁን ወደ ኋላው ይደብቃል] ለምን እጥለዋለሁ? ያምር የለ...

ካሳሁን፦ በል የቁልፍ ማንጠልጠያህን ወዲህ በል። ያ ሽቦ የሚግለው ኃይሉን ቀንሶ ማራገቢያውን ቀስ ስለሚያደርገው ነው።

[ካሳሁን ሽቦውን ከሁለቱ ብሎኖች ጋር ያስራል። ይማም እየፈራ አንድ ላይ ያደርገዋል። ማራገቢያው በቀስታ ይነፍሳል።]

ይማም፦ ለእቴነሽ ምን ልትላት ነው?

ካሳሁን፦ ሞተሩ ደክሞት ነበር፣ አረፈ እላታለሁ።

ይማም፦ አላህ ይስጥህ! ታዲያ ቁልፌን በምን ላንጠልጥለው?

ካሳሁን፦ [ከጋቢው ጫፍ ክር መዝዞ ይሰጠዋል] እንካ። ይኼ እንኳ እውነት ትርፍ ነው።