የእትዬ ዳምቤል ቀሚስ

ብረት ማንሳት የጀመረች ሴት ባለችበት ቤት ዕቃ ባስቀመጡት ቦታ አይገኝም። እንቁላልማ ጭራሽ አይገኝም። ያላመነ ልብስ ሰፊውን ይጠይቅ፤ ሚስቱ ብረት ከጀመረች እነሆ ስምንት ወሯ ነው።

ነገሩን ያመጣው ሐኪም ነው። "ጉልበትሽን የሚያምሽ ጡንቻሽ ስለሳሳ ነው፤ ክብደት አንሺ" አላት። ልብስ ሰፊው ሁለት ቀን ሞክራ ትተወዋለች ብሎ ነበር። እሷ ግን በሳምንት ሦስት ቀን ጂም እየሄደች፣ በቀሩት ቀናት ደግሞ ቤቱን ጂም አደረገችው። ድስቱ እስኪፈላ ቁጭ ብድግ ትሠራለች። ውሃ የሞሉ ሁለት ጄሪካኖች አንጠልጥላ ኮሪደሩን ትመላለሳለች። የጨርቅ ጣቃ ተሸክማ ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ፣ ጨርቁን የፈለገ ደንበኛ ከታች ቆሞ ይጠብቃታል። "አንድ ብቻ ቀረች!" ትለዋለች። ልብስ ሰፊው አንድ ቀን ሥራ ፈትቶ ቆጠረ፤ ያቺ "አንድ ብቻ" አሥራ አራት ሆና አለቀች።

ጎረቤቱ በእጇ በምታነሳው ብረት ስም "እትዬ ዳምቤል" የሚል ማዕረግ ሰጣት። ከላይ ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛ አስተማሪ፣ "ኋላ ወንድ እንዳትሆኚ ልጄ!" ብለው ቢያስጠነቅቋት፣ "እንግዲያው እርስዎም ይምጡና አብረን እንሁን" አለቻቸው። አሁን አስተማሪዋም ማክሰኞ ማክሰኞ አብረዋት ይሄዳሉ።

ልብስ ሰፊውን ግራ ያጋባው ግን ሚዛኑ ነው። ስትጀምር ሰባ አንድ ኪሎ ነበረች፤ በስምንተኛውም ወር ሰባ አንድ።

"ታዲያ ይሄ ሁሉ መከራ ለምንድን ነው?" አላት።

"ስቡ ወጣ፣ ጡንቻው ገባ።"

"እኩል በእኩል?"

"እኩል በእኩል። ሚዛን ምን ያውቃል!"

ራሱን አከከ። በፊት የማርመላታ ብልቃጥ ክዳን ሲጠብቅባት እሱን ትጠራ ነበር። አሁን እሱ ሲያቅተው ነው ለእሷ የሚሰጣት። ይህም ግራ ያጋባዋል፤ ትንሽም ያስፈራዋል።

ልጃቸው የምትመረቅበት ቀን ሲቃረብ ለሚስቱ በድብቅ ቀሚስ ሊሰፋላት ተነሳ። ለእሷ ብሎ ለዓመታት ያስቀመጠው ሰማያዊ ሐር አለ፤ ከዚያ ጨርቅ ሌላ ቁራጭ የለውም። ልኳን አልጠየቃትም። በየደንበኛው ፊት የሚኮራበት ነገር ይኸው ነዋ፦ "የሚስቴን ልክ እጄ ያውቀዋል፤ ሜትር ይዤባት አላውቅም!" ኪሎዋ ያው ከሆነ ልኳም ያው ነው ብሎ ቆረጠው።

በምርቃቱ ዕለት ጠዋት ሲሰጣት እልል አለች። ቀሚሱ ግን ትከሻዋ ላይ ሲደርስ አልወርድም አለ። ክንዷ እጅጌው ውስጥ ተወጥሮ ቀረ። እንደምንም ተጎትቶ ሲወርድ ደግሞ ወገቡ ሌላ ሰው የሚያስገባ ሆኖ ተገኘ። በዚህ መሃል ብብቷ ሥር ስፌቱ ተተረተረ።

ልብስ ሰፊው ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ።

"ሃያ ሁለት ዓመት አብሬሽ ኖሬ አላውቅሽም ማለት ነው" አለ።

"ተነስ፣ ለካኝ።"

"ሰዓቱ እኮ…"

"ሦስት ሰዓት አለን። ለካኝ አልኩህ፣ አንተ ሰው!"

ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። እንደ አዲስ ደንበኛ አፈራት። ትከሻዋ ሦስት ሴንቲ ጨምሯል፤ ክንዷ ሁለት። ወገቧ ዘጠኝ ቀንሷል። ሜትሩን ተጠራጥሮ በሌላ ሜትር ደገማት፤ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም።

"እዚህ ጥግ ብርሃን የለም፤ አይታየኝም" አለ። የስፌት መኪናው ከነብረት እግሩ እዚያ ጨለማ ጥግ ከተተከለ ዓመታት አልፈዋል፤ እሱ ወገቡን ስለሚያመው ደፍሮ ነክቶት አያውቅም። እሷ ጉልበቷን አጠፍ፣ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ አነሳችውና መስኮቱ ሥር አስቀመጠችው። "አንድ ብቻ ቀረች" ብላ ወንበሩንም አነሳች፤ ደግነቱ ሰውዬው ተነስቶ ነበር።

ከወገቡ የተረፈውን ሐር ቆርጦ ብብቱና እጅጌው ላይ ቀጠለው። ከወገብ ወጣ፣ ትከሻ ላይ ገባ። አንድ ስንዝር ጨርቅ ሳይጨምር ቀሚሱ ሌላ ቀሚስ ሆነ። እግሩ ፔዳሉ ላይ እንዳለ ቀጥ አለ።

"እኩል በእኩል" አለ፣ ለራሱ።

"ስምንት ወር ሙሉ ምን ስልህ ነበር?" አለችው።

በምርቃቱ ላይ ቀሚሱን ያላደነቀ አልነበረም። እሱ ግን ያየው ቀሚሱን አልነበረም፤ ሚስቱን ነው።

በማግስቱ የደንበኞቹን ልክ ከሚጽፍበት ደብተር አንድ ገጽ ከፈተላት። የሰውን ሁሉ በእስክሪብቶ ነው የጻፈው፤ የእሷን በእርሳስ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ወር በገባ ቁጥር ሜትሩን ይዞ ፊቷ ይቆማል። ሚዛኑ አሁንም ሰባ አንድ ይላል፤ እሱም አሁንም ሙሉ በሙሉ አልገባውም። ትከሻዋን ይለካል፣ ክንዷን ይለካል፣ ወገቧን ይለካል። ጨርሶ ሲያበቃ ሜትሩን እንደገና በወገቧ ያዞራል።

"ለካኸው እኮ!" ትለዋለች።

"አንድ ብቻ ቀረች" ይላታል።