የአያሌው ኮምፒውተርና የኔ ሽምግልና

አሮጌ ኮምፒውተር መጣል የማይሆንለት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እግሬ ቤት ስለማያውቅ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ አገኘሁት፤ የወንድሜ ልጅ አያሌው ነው። ከቢሮ የተጣለ፣ ሣጥን የሚያህል ኮምፒውተሩን ጥልፍ አልብሶ፣ እኛን ጫማ አስወልቆ ያስገባናል። እናንተዬ፣ ሙሽራ ነው እንዴ?

ሚስቱን የዝናን ግን ታክቷታል። «እትየ ይሙቱ፣ ዛሬ ካልተከፈተ አውጥቼ ጥየው፣ ቦታው ላይ ዶሮ አስታቅፍበታለሁ!» አለች።

አያሌው ጥልፉን ገፎ ቁልፉን ተጫነ። ኮምፒውተሩ አጓራ፤ እኔም ስለት ተሳልኩ። መብራት ሳይጠፋ ተከፈተ! ግን የውስጥ ባትሪው ሞቶ ኖሮ፣ ቀኑን አርባ ዓመት ወደ ኋላ መልሶት ቁጭ አለ። አያሌው ሲያነብልኝ ጉልበቴ እንኳ ደስ አለው።

የዝና ወገቧን ይዛ፣ «እንዲያማ ከሆነ ገና አላገባኸኝም፤ ሽማግሌ ላክ!» አለችው።

አያሌው እኔን አየኝ። ምን ላድርግ? ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁና ደጃፉ ላይ ቆምኩ። «የልጃችን ሚስት ሁኝልን። እሽ ካላልሽ አልቀመጥም።»

«ኮምፒውተሩስ?»

«አብሮት ነው የሚኖር።»

የዝና እየሳቀች ጥልፉን አነሣችና ኮምፒውተሩን ራሷ አለበሰችው።

«እሽ፣ ይግቡ እትየ» አለች። «ጫማዎን ግን ያውልቁ።»