የሰው በሽታ ታምሜ የዳንኩ ጊዜ

በእኛ ሰበታ መታመም አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ታሞ ዝም ብሎ መተኛት ነው። እስቲ አንድ ቀን ሱቃችሁን ሳትከፍቱ አርፍዱ። ገና እኩለ ቀን ሳይሆን አንዱ ብርቱካን ይዞ በራችሁን ያንኳኳል፣ እሱ ሳይቀመጥ ሌላዋ ለስላሳ ይዛ ትገባለች፣ ሦስተኛው ባዶ እጁን ይመጣና የመድኃኒት ስም ይነግራችኋል። ጠያቂ ደግ ነው፣ አልክድም። እኔም ራሴ ስንቱን በሽተኛ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አድክሜዋለሁ። ችግሩ በሽታው ከበድ ያለ እንደሆነ ነው። ያን ጊዜ ጠያቂ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ከዚያም ልጆቻችሁን አንድ በአንድ እያየ ማን ማንን እንደሚያሳድግ ማሰብ ይጀምራል።

ጎረቤቴ አስካለ የፈራችው ይህንን ነበር። «ሞት አንዴ መጥቶ ይሄዳል፤ እነዚህ ግን በየቀኑ ነው የሚመጡት» አለችኝ።

አስካለ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሱቋና የእኔ ፎቶ ኮፒ ቤት አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ስድስት ልጆች ወልዳ ስድስቱንም ሁለት ሁለት ዓመት አጥብታለች። አንድ ጠዋት ሱቄ ገብታ በሩን ዘጋችና እጄን ይዛ ግራ ጡቷ ሥር አስነካችኝ። ባቄላ የምታህል ጠጣር ነገር አለች። ስትነካ ሕመም የላትም፣ ከቦታዋም ንቅንቅ አትልም።

ያ ከመሆኑ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቀበሌ አዳራሽ ሰብስባን ስለ ጡት ካንሰር አስተምራን ነበር። በበሽታው የመያዝ ዕድልን ይጨምራሉ የሚባሉትን ነገሮች ስትዘረዝር፣ «ዕድሜዋ የገፋ» አለች፤ ሁለት ሴቶች ዞረው አዩኝ። «ያልወለደች፣ ያላጠባች» አለች፤ የፊተኛው ረድፍ በሙሉ ዞረ። «ክብደት የጨመረች፣ ተቀምጣ የምትውል» ስትልማ አዳራሹ ለእኔ የተጠራ ስብሰባ መሰለ። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣ አልወለድኩም፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነው የምውለው፤ ስለ ክብደቴ ደግሞ ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል። ልጅቷ መጨረሻ ላይ «ይህ ማለት ግን ሌላዋን አይዝም ማለት አይደለም» ብላ ነበር። ማን ይስማት? ሁሉም እኔን እያየ ነበር። አስካለ ጭምር ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ አጽናንታኛለች።

እንግዲህ አዲስ አበባ ሄዶ መመርመር ሊመጣ ነው። ከሰበታ በሚነሳ ሚኒባስ ምስጢር ይዞ መሄድ ደግሞ የማይታሰብ ነው፤ ዓለም ገና ከተማ ሳትደርሱ ወዴት እንደምትሄዱ፣ አየር ጤና ሳትደርሱ ለምን እንደምትሄዱ ይታወቃል። ዘዴውን ያመጣችው አስካለ ናት። «አንቺ በሽተኛ ሁኚ፣ እኔ አስታማሚ ልሁን» አለች። ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ። ምን ላድርግ? ታመምኩ።

ሰፈሩ ወዲያው አመነ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ፍጥነታቸው አስቀየመኝ። ሰው ትንሽ እንኳ «እውነት?» አይልም? አንዷ ጠበል አመጣችልኝ። ግቢዬ ውስጥ ተከራይተው የሚኖሩት ከደቡብ የመጡ የፋብሪካ ሠራተኞች በራፌ ላይ ቆመው ጸለዩልኝ፤ ከሁሉም አስበልጣ ያለቀሰችው ሕፃን ልጇን ያዘለችው መሠረት ነበረች። ከከተማው ዳር የሚኖሩት ገበሬ ኦቦ ገመቹ ደግሞ የተቀጠቀጠ ቅጠል በቅቤ ለውሰው ይዘው መጡ። አምስት ሳንቲም አልተቀበሉም። በጡቴ ላይ እንዳስረው መክረውኝ ሄዱ፤ እኔም አመስግኜ ተቀበልኩና እሳቸው ከግቢ ሳይወጡ ከጓሮ ጣልኩት።

አስካለ በዚህ መሃል ምርመራው ካንሰር መሆኑን አሳይቶ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ሰፈሩ የሚያውቀው ወገቧን ታማ ቡራዩ እህቷ ቤት እያረፈች መሆኑን ነው። ጸጉር የሚያረግፈውን መድኃኒት ስትጨርስ ሻሽ ጠምጥማ ተመለሰች፣ ከጠያቂዎቼ መሃልም ተቀምጣ፣ «ዛሬስ እንዴት ነሽ?» አለችኝ። ከንፈሯን ስትመጥጥልኝ እኔ ሳቄን ለመያዝ ብርድ ልብሱን ነከስኩት።

ወራት አለፉ፣ እኔም አልሞትኩም። እንዲያውም ወፈርኩ። ስለዚህ ድነሻል ተባልኩ። ጠበል ያመጣችው በጠበሉ ነው አለች፤ የጸለዩት በጸሎታችን ነው አሉ። ክርክሩን ያሸነፉት ግን ኦቦ ገመቹ ናቸው፣ ድምፃቸው ስለሚበልጥ። «ገለታ ዋቃዮ፣ ፈጣሪ ይመስገን! አላልኩሽም? ቅጠሉ ሠራ!» እያሉ በገበያው ሁሉ ነገሩልኝ። እኔና አስካለ በሩን ዘግተን እንባችን እስኪመጣ ሳቅን።

ከሳቁ በኋላ ብዙም ሳይቆይ መሠረት ሱቄ መጣች። ልጇን ታቅፋ ቆማ፣ «እትዬ፣ ቅጠሉን ስንት ቀን ነው ያሰሩት?» አለችኝ። ጡቷ ውስጥ እብጠት ካገኘች ሁለት ወር አልፏታል። መጀመሪያ የተቋጠረ ወተት መስሏት ነበር። የፋብሪካው ክሊኒክ ነርስ አዲስ አበባ እንድትመረመር ሪፈር ጽፋላታለች፤ ወረቀቱ አራት ቦታ ታጥፎ ቦርሳዋ ውስጥ ተቀምጧል። «ለምን አልሄድሽም?» ብዬ ጮኽኩባት።

«እርስዎ በቅጠሉ ድነው የለ?» አለችኝ።

ያን ሰዓት ራሴን ጠላሁ። ታምሜ እንደማላውቅ ነገርኳት። በአዘኔታ ፈገግ አለች፤ «ይገባኛል እትዬ፣ ሰው ከዳነ በኋላ ስሙንም መስማት አይፈልግም» አለችኝ። ማልኩ። በማልኩ ቁጥር የበለጠ አዘነችልኝ። በሽታው የማን እንደነበረ እንዳልናገር አፌ በመሐላ ታስሯል፤ እዚያ ቆማ የነበረችው ሴት ግን በእኔ ውሸት ልትሞት ነው። እንድትቀመጥ ለመንኳትና አስካለ ጋ ሮጥኩ።

አስካለ ነገሩን እስክጨርስ ድረስ የስፌት መኪናዋን መርገጫ አላቆመችም። ልለምናት አፌን ስከፍት ክሩን በጥሳ ተነሳች። ሱቄ ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ ነጠላዋን አወረደች፣ የቀሚሷን ቁልፎች ፈታች። መሠረት ጠባሳውን አየች፣ እኔን አየች፣ ደግሞ ጠባሳውን አየች።

«የእርስዎ ነበር?»

«የእኔ ነበር ልጄ። ያን ጡት ስድስት ልጅ ጠብቶታል።»

«ቅጠሉስ?»

«ቅጠሉን የጎረቤት ፍየል በላችው። እኔን የቆረጠኝ ሐኪም ነው። ነገ አብረን እንሄዳለን።»

በማግስቱ ሦስታችን ሄድን። የመሠረት ምርመራ ካንሰር ነው አለ፤ ሐኪሟ ግን አሁንም ሊታከም በሚችልበት ደረጃ ላይ ነው አለቻት። ሕክምናዋን ጀምራለች፤ ከባድ ነው፣ አንዳንድ ቀን ታለቅሳለች፣ አስካለ ልጁን ትይዝላታለች። አስካለ ምስጢሩን ራሷ ለሰፈሩ ተናገረች። ኦቦ ገመቹም ነገሩን ከሰሙ ወዲህ ጡቷን ያመማት ሴት ስትመጣባቸው ወደ አስካለ ሱቅ ይልካሉ። ሰፈሩ አስካለን መታመሟን ይቅር ብሏታል። እኔን ግን ጤነኛ መሆኔን እስከ ዛሬ ይቅር አላለኝም።

ጤነኛ ነው ያልኩት? የመሠረት ሐኪም እኛን ስትሸኝ ወደ እኔ ዞራ፣ «እርስዎስ፣ ተመርምረው ያውቃሉ?» አለችኝ። ያን ሁሉ ወር የካንሰር በሽተኛ ሆኜ ስመላለስ አንድም ቀን አልተመረመርኩም። አስካለ ክንዴን ይዛ ወደ ካርድ ክፍሉ ወሰደችኝ።

ቀጠሮዬ ማክሰኞ ነው። ለሰፈሩ አስካለን ላጅባት እሄዳለሁ ብያለሁ።